አሰልጣኙን የሚቀጥረው ማነው? ዩኒቨርሲቲው ወይስ ቼክ የሚጽፈው ሰውዬ?

ፓርኪንግ ሰባት (ቴክሳስ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ፓርኪንግ እሠራለሁ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ እንጀራዬ ነው። የኔ ቦታ ለበሩ በጣም የቀረበው ነው። እዚያ ለመቆም ብር ይዞ መምጣት ብቻ አይበቃም። መስታወት ላይ የሚንጠለጠል ካርድ አለ። ካርዱ የሚሰጠው በየዓመቱ ለስፖርት ክፍሉ ጠቀም ያለ ገንዘብ ለሚለግስ ሰው ነው። ብዙ በሰጠህ ቁጥር ወደ በሩ ትጠጋለህ።

ባለፈው ጨዋታ የፉትቦል ቡድኑ ጉድ ሆነ። ሰው ገና በሦስተኛው ሩብ መውጣት ጀመረ። አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ሁልጊዜ ሃያ ዶላር እጄ ውስጥ ሸጎጥ የሚያደርጉ። ፒክአፓቸው ውስጥ ገብተው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ስልክ ያወራሉ። እኔ አጠገባቸው ኮን እየሰበሰብኩ ነው። «ገንዘቡ አያሳስባችሁ፣ እሱን ለኛ ተዉት» ሲሉ ሰማሁ። ማክሰኞ ዕለት አሰልጣኙ ተባረረ።

እኚህ ሰውዬ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አይደሉም። የአትሌቲክስ ዳይሬክተሩም (የስፖርት ክፍሉ አለቃ) አይደሉም። ታዲያ አሰልጣኝ ማባረርና መቅጠር የማን ሥራ ነው? የምታውቁ አስረዱኝ።

(ፉትቦል ስል በእጅ የሚጫወቱትን ነው። ዓመቶቹም እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ቡና በጠዋቱ

ውሻ በበላበት ይጮሃል። ዳይሬክተሩም እንደዚያው፣ ፕሬዚዳንቱም እንደዚያው። አለቀ። ቀጣይ ጥያቄ?

የሃርትፎርዷ

አላለቀም ወንድሜ፣ ቆይ። ያኔ እኔ ኮኔቲከት ነበርኩ፣ ሰው ሁሉ ያወራው ስለዚህ ነገር ነበር።

በ2011 አዲስ ዓመት ዕለት የዩኮን (የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ) ቡድን ፊየስታ ቦውል በሚባለው ትልቅ ጨዋታ ላይ በኦክላሆማ 48 ለ 20 ተሸነፈ። ቢሸነፍም ለዩኮን እዚያ መድረስ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር። አሰልጣኙ ራንዲ ኤድሶል ግን ከልጆቹ ጋር እንኳ አልተመለሰም። እነሱ ወደ ቤታቸው ሲበሩ እሱ ወደ ሜሪላንድ በረረ፣ አዲስ ሥራ አግኝቶ። ዳይሬክተሩ ጄፍ ሃታዌይ ጊዜ ሳይፈጅ ፖል ፓስኳሎኒን ቀጠረ።

በዚያው ሰሞን ደብዳቤ መጣ። ስድስት ገጽ። ላኪው ሮበርት በርተን የሚባል የኅትመት ሥራ ባለሀብት ነው። የቡድኑ ሕንጻ በቤተሰቡ ስም የተሰየመ ነው፣ ለሱ 3 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቷል። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ይሄ ነው፦ ሳታማክሩኝ ቀጠራችሁ፤ 3 ሚሊዮኔን መልሱልኝ፤ የቤተሰቤንም ስም ከሕንጻው ላይ አውርዱ። ሰውዬው አሰልጣኙን እኔ ልምረጥ አላለም። ዝም ብላችሁ አታልፉኝ ነው ያለው። ስልክ አለመደወላቸው ነው ያንገበገበው።

አስቡት። ስሙ ግድግዳ ላይ በብረት ፊደል ተለጥፏል። ማን መሰላል ይዞ ሊነቅለው ነው?

ማንም አልነቀለውም። ወር ገደማ ቆይተው ታረቁ። ሃታዌይ ግን በዚያው ዓመት ክረምት ከሥራው ወጣ። ፓስኳሎኒ ደግሞ 10 አሸንፎ 18 ተሸንፎ መስከረም 2013 ላይ ተሰናበተ። በርተን ጠባዩ ቢያስቸግርም ስለ ኳሱ ብዙም አልተሳሳተም ነበር ማለት ነው። ይሄ ነው እኔን የሚያናድደኝ።

ቡና በጠዋቱ

ስድስት ገጽ! እኔ የቤት ኪራይ ጨመሩብኝ ብዬ እንኳ ሁለት መስመር ነው የጻፍኩት።

ሽማግሌው ከአትላንታ

ልጆቼ፣ የኮኔቲከቱ ጨዋ ነው፣ ደብዳቤ ጽፏል። የኦበርኑን ላጫውታችሁ። ከኔ ቤት በመኪና ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው።

ኅዳር 2003 ነው። ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ከአላባማ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚገናኝበት ጨዋታ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ይሄ ጨዋታ እዚያ አገር እንደ ጊዮርጊስና ቡና ነው፣ ሠርግ እንኳ በዚያ ቀን አይደገስም። አሰልጣኙ ቶሚ ተበርቪል ልጆቹን እያዘጋጀ ነው። በዚያው ቀን የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዊልያም ዎከር፣ የአትሌቲክስ ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሃውዝልና ሁለት የቦርድ አባላት በግል አውሮፕላን ተሳፍረው ሉዊቪል አጠገብ አረፉ። ሥራቸው የሉዊቪሉን አሰልጣኝ ቦቢ ፔትሪኖን ማነጋገር ነው፣ በተበርቪል ቦታ ሊቀጥሩት። ደግሞ ፔትሪኖ ማን ነው? ባለፈው ዓመት የተበርቪል ረዳት የነበረ ሰው!

ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው በባንክ ባለቤቱ በቦቢ ላውደር ላይ ነው። የቦርድ አባል ነው፣ የቡድኑም ዋና ለጋሽ። አውሮፕላኑ ውስጥ እሱ አልነበረም። ስሙ ግን ነበር።

ተበርቪል ቅዳሜ አላባማን 28 ለ 23 አሸነፈ። ወሬው ወጣ። ደጋፊው «እንዴት በጀርባው?» ብሎ ተነሳ። ዎከር በጥር ሥራውን ለቀቀ። ተበርቪል ሥራው ላይ ቆየና በሚቀጥለው ዓመት 13ቱንም ጨዋታ አሸነፈ። አንድም አልተሸነፈም! የላውደር ባንክ በ2009 ተዘጋ። ተበርቪል በ2020 ተወዳድሮ የአላባማ ሴናተር ሆነ። እንግዲህ በጀርባው ሲዶለትበት የነበረው ሰው ዛሬ ዋሽንግተን ነው።

ፓርኪንግ ሰባት (ቴክሳስ)

አባባ፣ እንዲህ አጫውቱን እንጂ! ግን እኮ በሁለቱም ታሪክ ባለሀብቶቹ የፈለጉትን አላገኙም። አንዱ ደብዳቤ ጻፈ፣ ቅጥሩ አልተለወጠም። ሌላው ላይ ሤራው ከሸፈ። ታዲያ ኃይላቸው የታለ?

ሒሳብ ሠሪው (ሂውስተን)

አሁን ወደ ነገሩ ገባህ። ባለሀብት አይቀጥርም፣ ያባርራል። በቁጥር ላሳይህ።

ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ በ2017 መጨረሻ አሰልጣኝ ጂምቦ ፊሸርን ሲቀጥር ለ10 ዓመት 75 ሚሊዮን ዶላር ፈረመለት። ገንዘቡ ዋስትና ያለው ነው፣ ብታባርረውም ትከፍላለህ። የዩኒቨርሲቲው የበላይ ኃላፊ (ቻንስለሩ) ሽልማት የሚመስል ነገር አበረከቱለት። የብሔራዊ ሻምፒዮና ተብሎ ተቀርጾበታል፣ ዓመቱ ላይ ግን «20» ብቻ ተጽፎ ቀሪው ባዶ ነው። አንተ ሙላው ነው ነገሩ። ያ ባዶ ቦታ እስካሁን ባዶ ነው።

በ2021 ውሉ ተራዘመ፣ እስከ 2031፣ በዓመት ከ9 ሚሊዮን በላይ። ማንም አልቸኮለም ነበር፣ እነሱ ናቸው የቸኮሉት። ኅዳር 11 ቀን 2023 ሚሲሲፒ ስቴትን 51 ለ 10 አሸነፈ። በማግስቱ ተባረረ። የውል ማፍረሻው ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ። በኮሌጅ ስፖርት ያን ያህል ተከፍሎ አያውቅም ነበር።

ጥያቄው ይሄን የሚከፍለው ማነው ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ አለ፦ የመጀመሪያው ዳጎስ ያለ ክፍያ፣ ከጠቅላላው ሩብ ያህሉ፣ ከለጋሾቹ ፋውንዴሽን። ቀሪው በየዓመቱ ከስፖርት ክፍሉ፣ እስከ 2031። ፋውንዴሽኑ ማለት ያንተ ፓርኪንግ ካርድ ሰዎች ናቸው። እነሱ «አይሆንም» ቢሉ ሰውዬው አይባረርም ነበር። «ገንዘቡ አያሳስባችሁ» ማለት ይሄ ነው።

መቅጠር ሌላ ነው። መቅጠር ላይ ሰው ይበዛል፦ ፕሬዚዳንት፣ ዳይሬክተር፣ ቦርድ፣ ቅጥር አፈላላጊ ድርጅት፣ ወኪል፣ የአሰልጣኙ ሚስት። ማባረር ላይ ግን ጥያቄው አንድ ነው፦ ብሩ አለ ወይስ የለም?

የኮሎምበሷ እናት

ይቅርታ፣ እኔ ኳሱን አላውቅም። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፣ በየሴሚስተሩ ክፍያ ስንከፍል ወገቤ ይቆረጣል። አንድ ሰው ሥራ እንዳይሠራ 75 ሚሊዮን?? እኔ ሥራ ሠርቼ እንኳ… ተዉኝ። ከኛ ክፍያ ላይ ነው እንዴ የሚወስዱት?

ደረሰኝ ቆራጭ

እህቴ፣ ትልልቆቹ ጋ በብዛት ከተማሪ ክፍያ አይደለም። ትንንሾቹ ጋ ግን አዎ፣ ከተማሪ ክፍያ ላይ ለስፖርት የሚወስዱ ሞልተዋል። የልጅሽን ሂሳብ ዝርዝሩን እዪው።

እኔ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የገቢ ማሰባሰቢያ ክፍል አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የኔ ሥራ የምስጋና ደብዳቤ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ እያንዳንዱ ትልቅ ለጋሽ ፋይል አለው። የሚስቱ ስም፣ የልጅ ልጆቹ ስም፣ የውሻው ስም። ቀልዴን አይደለም። ውሻው ከሞተ ይመዘገባል፣ ደውለን ስለ ውሻው እንዳንጠይቅ።

አሰልጣኝ የተባረረ ቀን ስልኩ ጆሮ አያሳርፍም። አንድ ለጋሽ ሦስት ስም ይሰጠኛል። «ለአለቃህ ንገረው» ይላል። እኔ እጽፋለሁ፣ አለቃዬ ለአለቃው ይልካል። የትም አይደርስም ብዬ አስብ ነበር። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ውኃ ላቀርብ ስገባ ሰሌዳው ላይ አምስት ስም ተጽፏል። ሁለቱ እኔ በእጄ የጻፍኳቸው ናቸው።

በዚያው ክረምት የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ያፈስ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባልዲ ተደርድሯል። ለባልዲው ደውሎ ስም የሰጠ ለጋሽ አልነበረም።

ሌላ ነገር ልጨምር። እስከ 2017 ድረስ ጥሩ ወንበር የመግዛት መብት ለማግኘት የምትሰጪው «ስጦታ» 80 በመቶው ከግብር የሚቀነስ ነበር። ስታዲየም ውስጥ ቢራህን ይዘህ ለመቀመጥ የሰጠኸው ማለት ነው። ከ2018 ጀምሮ ያ ቀረ። ብዙዎቻችን ስጦታው ይደርቃል ብለን ፈርተን ነበር። አልደረቀም።

የኮሎምበሷ እናት

የውሻው ስም?!

የኦስቲኑ ልጅ

ሒሳብ ሠሪው እውነት አለው፣ ግን አንድ ነገር አለፈው። ባለሀብት ባይቀጥርም የተቀጠረውን ሰው ከመጀመሪያው ቀን ሊሰብረው ይችላል።

ጥር 2014 የኦስቲኑ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቻርሊ ስትሮንግን ቀጠረ። በዩኒቨርሲቲው ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር የፉትቦል ዋና አሰልጣኝ። ሬድ መኮምስ፣ የቢዝነስ ትምህርት ቤቱ በስማቸው የሚጠራላቸው፣ በ2000 ብቻ 50 ሚሊዮን የሰጡት ሰው፣ ሬዲዮ ላይ ወጡ። ቅጥሩ ፊት ላይ እንደመረገጥ ነው አሉ። ስትሮንግ ጥሩ ረዳት ይወጣዋል፣ ይሄን ቦታ ግን አይመጥንም አሉ። የሳቸው ምርጫ ሌላ አሰልጣኝ፣ ጆን ግሩደን ነበር። ስትሮንግ ከሉዊቪል ጋር በሁለት ዓመት 23 ጨዋታ አሸንፎ ነው የመጣው፣ እንደ ተለማማጅ አወሩለት። በኋላ ይቅርታ ጠየቁ። ቃል ግን አንዴ ከወጣ ወጣ።

እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፣ ሀበሻ ጓደኞቼ ጋ ተቀምጠን ነው የሰማነው። ማንም ምንም አላለም። አንዱ ብቻ «ገና ቢሮውን ሳያይ» አለ።

እውነቱን ለመናገር ስትሮንግ አልተሳካለትም። ሦስት ዓመት፣ 16 ድል 21 ሽንፈት። በ2016 በካንሳስ ተሸነፈ፣ ቴክሳስ በካንሳስ ሲሸነፍ ከ1938 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ማን ይማርሃል? ግን ሌላ አሰልጣኝ ሲሸነፍ «ጊዜ ስጡት» ይባላል። ለሱ «ብለን ነበር» ነው የተባለው።

ቡና በጠዋቱ

ይሄን ስሰማ የኛ ቤተ ክርስቲያን ትዝ አለኝ። ሕንጻ ስንገዛ አንድ ሰውዬ ከሁላችንም በላይ ሰጠ። እግዜር ይስጠው። ከዚያ በኋላ ግን ምንጣፉ ቀለም፣ የፓርኪንጉ መስመር፣ የቅዳሴው ሰዓት፣ ሁሉም ላይ አስተያየት አለው። ሰባኪ ሲቀየር «እኔን ማን ጠየቀኝ?» ብሎ ሁለት እሑድ ቀረ። ኮሚቴው ሽማግሌ ልኮ መለሰው። ሚስተር በርተን ማለት እሱ ነው፣ ነጠላ ለብሶ።

የሲልቨር ስፕሪንግ አጥቂ

ሃሃሃ። ከቤተ ክርስቲያን ውጭም አለ። 2012ን ማን ይረሳል? ከ1984 ጀምሮ አንድ ላይ ስንጫወት ኖረን፣ በዚያ ዓመት ለጁላይ 4 ሳምንት የአሜሪካ ሀበሾች የእግር ኳስ ውድድር ሁለት ቦታ ሆነ። ነባሩ ፌዴሬሽን ዳላስ፣ በሼህ መሐመድ አል አሙዲ ድጋፍ የመጣው አዲሱ ደግሞ ዲሲ አር ኤፍ ኬ ስታዲየም። ፖለቲካውም ነበረበት፣ ገንዘቡም ነበረበት፣ አልከፍተውም። እኔ ዲሲ ተጫወትኩ፣ ወንድሜ ዳላስ። እናታችን ለማን እንደምትደውል ግራ ገባት።

የሃርትፎርዷ

አገር ቤት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ክለቡ የባንክ ነው፣ የመከላከያ ነው፣ የከተማ አስተዳደር ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ ለጋሽ የለም፣ ደብዳቤ የሚጽፈው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው።

ሽንፈት የማይወድ (ናሽቪል)

ሁላችሁም ስለ ብር ታወራላችሁ። ተራውን ደጋፊ ረሳችሁት። እኔ ያለሁት ቴነሲ ነው።

ኅዳር 26 ቀን 2017፣ እሑድ። የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ዳይሬክተር ጆን ኩሪ ከአሰልጣኝ ግሬግ ሺያኖ ጋር ተስማማ፣ ወረቀትም ተፈራረሙ። ወሬው እንደወጣ ከተማው ተናወጠ። ግቢው ውስጥ ተማሪ ቀለም የሚቀባው ትልቅ ድንጋይ አለ፣ እሱ ላይ ተቃውሞ ተጻፈ። ሰው ሰልፍ ወጣ። የምክር ቤት አባላት ሳይቀሩ ትዊተር ላይ ገቡ። ማታ ሳይመሽ ነገሩ ፈረሰ። ኩሪ ራሱ በዚያው ሳምንት ዓርብ ከሥራው ታገደ። የድሮው አሰልጣኝ ፊሊፕ ፉልመር ቦታውን ይዞ ጀረሚ ፕሩትን ቀጠረ።

ያን ቀን ቼክ የጻፈ ሰው የለም። ስልክ የያዘ ሕዝብ ነው የቀየረው።

ሒሳብ ሠሪው (ሂውስተን)

አንድም ቼክ የለም አትበል እንጂ። ሕዝቡ ሲጮህ ለጋሹ ይሰማል፣ ለጋሹም ከሕዝቡ መሃል ነው የተቀመጠው። በ2023 የኛም እንደዚያው ሆነ። ፊሸር ከተባረረ በኋላ ቅዳሜ ማታ የኬንታኪው ማርክ ስቱፕስ ሊመጣ ነው ተባለ። ደጋፊው ጮኸ፣ የቦርድ አባላትም አልወደዱትም። ሌሊቱን ስቱፕስ «እዚሁ ነኝ» አለ። በማግስቱ ማይክ ኤልኮ ሆነ። ሰውየው እራት ላይ የኛ ነበር፣ ቁርስ ላይ የለም።

የባተን ሩዥ ታክሲ

እንግዲህ የቅርቡን የምናገረው እኔ ነኝ፣ ከነገሩ መሃል ነኝና።

ጥቅምት 2025። ኤል ኤስ ዩ (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም 49 ለ 25 ተሸነፈ። በማግስቱ አሰልጣኙ ብራያን ኬሊ ተባረረ፣ ማፍረሻው ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ። ከዚያ አገረ ገዥው ጄፍ ላንድሪ ራሳቸው ማይክ ይዘው ወጡ። ዳይሬክተሩ ስኮት ውድዋርድ ቀጣዩን አሰልጣኝ አይመርጥም፣ ለሱ ከምሰጠው ለዶናልድ ትራምፕ ብሰጥ ይሻለኛል አሉ። በማግስቱ ውድዋርድ ከሥራው ወጣ።

ለምን ተናደዱ? ውድዋርድ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ለፊሸር ያን የ75 ሚሊዮን ውል በ2017 የሰጠው እሱ ነው፣ ያኔ ኤ ኤንድ ኤም ነበር። ለኬሊም የ10 ዓመት ውል በ2021 የሰጠው እሱ ነው። አገረ ገዥው የግብር ከፋዩ ገንዘብ ነው የሚሉት። ለጋሾች ሲሸሹ ሂሳቡ ወደ ክፍለ ሀገሩ ይመጣል ነው ስጋቱ። መጨረሻ ላይ አሰልጣኝ ሌን ኪፊን መጣ፣ በትልቅ ዋጋ። ስለ ውድ ውል የጮኸ ሁሉ አጨበጨበ።

እኔ በዚያ ሳምንት ከአየር ማረፊያ ያመጣኋቸው ሰዎች ሁሉ የሚያወሩት ይሄን ብቻ ነበር። አንዱ ከኋላ ተቀምጦ «አንተ ማንን ትቀጥራለህ?» አለኝ። «ጉርሻ የሚሰጠውን» አልኩት። ሳቀ። አልሰጠኝም።

የኮሎምበሷ እናት

የልጄን ሂሳብ አየሁት። «የአትሌቲክስ ክፍያ» የሚል መስመር አለ። በሴሚስተር። ለሦስት ዓመት ስከፍል ቆይቻለሁ፣ አንድም ጨዋታ አላየሁም።

ደረሰኝ ቆራጭ

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሂጂ። ለጋሽ ነሽ።

ፓርኪንግ ሰባት (ቴክሳስ)

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሥራ ነበር። ሁላችሁንም አንብቤያለሁ።

አዲሱ አሰልጣኝ ተቀጥሯል። ቅዳሜ ሽማግሌው መጡ። የተለመደው ቦታ አቆሙ፣ ከበሩ ሦስተኛው። ቦታው አልተቀየረም። «አዲሱን እንዴት አየኸው?» አሉኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጥሩ ይመስላል አልኳቸው። መሪውን እንደያዙ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «እኔ ሌላ ሰው ነበር የፈለግኩት» አሉ።

ቡና በጠዋቱ

ሃያዋን ግን ሰጡህ?

ፓርኪንግ ሰባት (ቴክሳስ)

ሰጡኝ።